እትዬ ስብር

«እትዬ ስብር መጣች! ደብቂው፣ ደብቂው!» እያለች ሚጡ መኝታ ቤት ውስጥ ስልክ ይዛ ስትንጫጫ እታለም ሳሎን ቁጭ ብላ ዳቦዋን ሻይ እየነከረች ነበር። ጩኸቱን ተከትሎ ስልኩ ውስጥ ጣት ሸክላ አንኳኳ። ኪንንን አለ፤ ጥርት ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ እየተርገበገበ። ወዲያው ጓ ብሎ የሚሰበር ነገር ተሰማና አንዲት አሮጊት በቀጭን ድምፅ ተንከትክታ ስቃ «እጅሽ ይረፍ!» አለች። ሚጡ «ኤጭ» ብላ ጨዋታዋን ከመጀመሪያው ጀመረች። የእታለም ዳቦ ግን ሻዩ ውስጥ ወድቆ ቀረ። በማንኪያ ለማውጣት እንኳ አልሞከረችም፤ ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ፣ ጆሮዋን ወደ መኝታ ቤቱ አቅንታ፣ ድምፁ እስኪደገም ጠበቀች። ልጅ ተሸንፎ አርፎ አይቀመጥምና ብዙ አላስጠበቃትም። ተደገመ። ያው ነው። በዚህ ምድር ላይ እታለም የማትሳሳትበት ነገር ቢኖር ይህ አንድ ነገር ነው። የሚንኳኳው እንስራ ጤነኛ ነው። ጤነኛውን እንስራ ነው የሚሰብሩት።

ድምፁን የሰማችው እሷ ብቻ አይደለችም። ኩሽና ውስጥ ሳህን የምታጥበው የእህቷ ልጅ የቧንቧውን ውሃ ድንገት ዘጋችው። ኩሽና ከተባለ ነው እንግዲህ፤ ማቀዝቀዣው ሲከፈት በሩ አይከፈትም፣ ሁለት ሰው ተኳርፎ ቢገባበት ሳይታረቅ አይወጣም። የእህቷ ልጅ አንገቷን ብቅ አድርጋ ልጇን ሚጡን ድምፁን ቀንሺ፣ አያትሽ ቁርስ ላይ ናት ብላ ተቆጣችና እጇን በፎጣ እየጠረገች ወደ እታለም ሳታይ ተመለሰች። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሥራዋ ሥዕል መሳል ነው፤ ቀን ቢሮ፣ ማታ ቤት፣ ያው ሥዕል። ጅማቷ ተቆጥቶ ሐኪሙ አሳርፊው ብሏታል፤ እሷም እሺ ብላዋለች። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል? ፋሻውን አጥብቃ ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። እታለም ፋሻውን አየት አደረገችና ዓይኗን ወደ ሻይዋ መለሰች። እነዚህ ሁለት ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የሚነጋገሩት በዚህ ዓይነት ነው፤ አንዷ ታያለች፣ አንዷ አላየሁም ትላለች፣ ቀኑ ይመሻል።

የዕለቱ ነገር ደግሞ ከሌላው ቀን ይለያል። ሠዓሊዋ የምትሠራበት ድርጅት የሸክላ ሠሪዎቹን መንደር፣ እታለም ተወልዳ ያረጀችበትን፣ ሠዓሊዋም ያደገችበትን መንደር ባለ ሥዕል የተረት መጽሐፍ አድርጎታል። በመጽሐፍ ቢበቃው ጥሩ ነበር፤ የስልክ ጨዋታም አድርጎታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም በአዳራሽ ይመረቃሉ። እታለም የክብር እንግዳ ሆና ከመንደር የመጣችው ለዚሁ ነው፤ አዲስ ጫማ ተገዝቶላታል፣ ጫማው ትናንሽ ጣቶቿን ይነክሳታል፣ እሷ ግን ተመችቶኛል ብላለች። ትናንት ሠዓሊዋ አጠገቧ ተቀምጣ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ስትገልጥላት እንባዋ እስኪፈስ ነው የሳቀችው። ጭቃ የሚቆፈርበት ገደል አለ። ጭቃ ስትረግጥ የምትዘፍነው ድምፀ ሻካራዋ ጎረቤት አለች፣ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ። ከቀዘቀዘ እቶን ውስጥ ገብቶ አመድ ላይ የሚተኛው ውሻም አለ፤ ይህን ውሻ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትስለው እታለም ታውቃለች። መጨረሻው አካባቢ ሲደርሱ ግን ሠዓሊዋ «እሱ ገና ነው፣ ቀለሙ አልደረቀም» ብላ መጽሐፉን ከደነችው። የታተመ መጽሐፍ ቀለሙ የማይደርቀው የት አገር ነው? እታለም አልጠየቀችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ እትዬ ስብር ቤቱ ሁሉ ሲያወራ ሳይሰማ የቀረው የእሷ ጆሮ ብቻ ነበር፣ እስከዚህች ጠዋት ድረስ።

በመንደሩ የእታለም ሥራ ማንኳኳት ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ሥራቸውን የሚተኩሱት በአንድ እቶን ነው፤ እቶኑ የተከፈተ ቀን አንድም ማሰሮ ገበያ ሳይወርድ እታለም በየተራ ታንኳኳለች፣ በመሐል ጣቷ አንጓ፣ አንዴ ብቻ። ኪን ካለ ያልፋል። ቷ ካለ ነቅቷል፤ ዓይን አያየውም እንጂ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ውሃ ቢሞሉት ያለቅሳል። ያንን አንስታ እዚያው ድንጋይ ላይ ትሰብረዋለች። ስድብ የለም፣ ምክር የለም፤ ለባለቤቷ አንድ ቃል ብቻ ትላታለች፤ እጅሽ ይረፍ። የተሰበረባት ሴት ቀጣዩ እቶን እስኪከፈት ጭቃ አትነካም። ቅጣት አይደለም፤ ደክሞሽ ይሆናል፣ አርፈሽ ነይ ማለት ነው። የተሰበረባት ግን እንደዚያ አትሰማውም። በዚያ ቀን እታለምን ሰላም የሚላት የለም፤ ሰላም ካሏት አድልታ አሳለፈችላቸው እንዳይባል። ምሳዋን ለብቻዋ ትበላለች። በእሷ ጆሮ የተነሳ ነጋዴ የዚያን መንደር ሸክላ ሳያንኳኳ ነው የሚገዛው። እድሜዋን ሙሉ ስታንኳኳ ዋሽታ የሰበረችው አንድ እንስራ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያውቁት እሷና ፈጣሪ ነበሩ። አሁን ስልኩም አወቀ።

የእህቷ እንስራ ነበር። ታናሿ ናት፤ የሠዓሊዋ እናት፣ ጭስና እርጥብ ጭቃ ሳንባዋን የበላው፣ ሐኪም ተኚ ያላት፣ እሺ ብላ ማለዳ ጭቃ ላይ የምትገኝ። እታለም ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ አንድ ቀን ጭቃዋን ሰርቃ ደበቀችባት፤ ያቺ ሌላ ቆፍራ መጣች። ከዚያ እቶን ተከፈተ። የማን እጅ እንደሠራው አንኳኪዋ አታውቅም ይባላል፤ ወሬ ነው። እታለም አንገቱን ስትዳብሰው የእህቷን እጅ አወቀችው። አንኳኳችው፣ ኪንንን አለ፣ ከዚያም አንስታ ድንጋዩ ላይ ሰበረችውና እጅሽ ይረፍ አለቻት። ሸክላዋ ተሰብሮባት የማያውቅ ሴት ናት። አየቻት፣ ጎንበስ ብላ ገሉን አንድ በአንድ ለቅማ በቀሚሷ ይዛ ሄደች። አረፈች፣ እውነት ነው። ቀጣዩ እቶን ሳይከፈት ሞተች። እታለምን እስከ ዛሬ የሚበላት መሞቷ ብቻ አይደለም፤ መሞትማ ማን ይቀራል። የመጨረሻ ሥራዬ የነቃ ነበር ብላ እያመነች መሞቷ ነው። ያን ጊዜ ልጇ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። ልጅ ናት፣ ምን ትሰማለች ብላ አልፋው ነበር እታለም። እንግዲህ ሰምታለች። ሰምታ ከዚያች አንኳኪ ጋር በአንድ ገበታ እየበላች፣ ጸጉሯን እየተሠራች፣ እየተሳመች አድጋለች፤ አንድም ቀን ሳትጠይቅ። ብትነግራት ልጅቷ እናቴን በሰው ፊት አዋርደሽ ገደልሽ ብላ ፊቷን ታዞርባታለች፤ ባትነግራት ዕድሜዋን እትዬ ስብር ሆና ትቀራለች። ሌላ ልጅ ደግሞ የላትም።

ወደ ምረቃው ሲሄዱ ታክሲ ውስጥ ሦስቱም ከኋላ ተጠጋግተው ተቀመጡ፣ ሚጡ በመሃል። የሚጡ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሳምንቱን መንገድ ላይ ስለሆነ በስልክ መልካም ምረቃ ብሎ ዘግቷል። ታክሲ ነጂው የሽንኩርት ዋጋ ሰማይ መንካቱን፣ ሚስቱ ወጥ ያለ ሽንኩርት መሥራት መጀመሯን፣ እሱም ሽንኩርት ጨርሶ እንደማይወድ ገና አሁን ማወቁን አወራላቸው። ሠዓሊዋ አዎ፣ እውነትህን ነው ትለዋለች፣ ዓይኗ መስኮት ላይ ነው። እታለም የልጅቷን አንገት በስርቆት ታያለች፤ እናቷን ነው፣ ቁርጥ እናቷን፣ ስትጨነቅ አንገቷ ላይ ያቺ የደም ሥር ትገተራለች። አንድ ሁለቴ «ስሚ እስቲ» ብላ ጀመረችና ሠዓሊዋ ፈጥና ዘወር ስትል «ጫማው ተመችቶኛል» አለቻት። ሠዓሊዋም እንደ ትልቅ ነገር ቆጥራው በጣም ደስ ብሎኛል አለች። ሚጡ በሁለቱ መሃል ሆና አዲስ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ የጨዋታው መዝሙር ነው።

ድርጅቱ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ አራት ክፍል ነው። ደረጃው የመድኃኒት ሽታ አለው፣ ክፍሎቹ የፕላስቲክና የሞቀ ኮምፒዩተር። ሠዓሊዋ አዳራሹ እስኪዘጋጅ እዚህ ትረፊ ብላ እታለምን ወደ ራሷ ወንበር ስትመራት መንገዷን በትከሻዋ እየከለለች፣ ይህን ግድግዳ አትዪ ያንን እዪ ለማለት ትንሽ ነው የቀራት። ግን ስንቱን ትከልል? በሩ ጀርባ የሰው ቁመት የሚያህል ሥዕል ተለጥፏል። ጎባጣ አሮጊት ናት። የእታለም የጠየመ ሻሽ በራሷ ላይ፣ የእታለም ከዘራ በእጇ፣ የመሐል ጣቷ አንጓ እንደ ሎሚ ያበጠ፣ በአፏ ውስጥ አንዲት ጥርስ ብቻ ቆማ። ከእግሯ ሥር የገል ክምር አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ኮምፒዩተራቸው ላይ ድንገት ብዙ ሥራ አገኙ። እታለም ሥዕሏን ከእግር እስከ ራስ አየቻት፣ ከዚያ ምላሷን ጥርሶቿ ላይ አዞረች፤ የጎደሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሠዓሊዋ ውሃ ላምጣልሽ አለች፤ ልታመጣም ሄደች።

ውሃው ሲቆይ አጠገቧ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያው ነው፤ ቀጭን፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ፣ አንገቱ ላይ የማዳመጫ ገመድ የተንጠለጠለ። ሴትየዋ ተከፍታለች ብሎ ይሁን፣ ወይም ሥራው ስለሚያኮራው፣ ሁሉም ድምፅ የራሳችሁ ነው እማማ፣ ከመንደሩ ነው የቀዳነው እያለ አንድ በአንድ አሰማት። ጭቃ ሲረገጥ፣ ጠጠር የሸክላውን ገላ ሲያለሰልስ፣ እሳት ሲነድ። አይ ጎበዝ፣ ነፋሱ ሳይቀር አለ። ከዚያ ወደ ማንኳኳቱ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱ ለእትዬ ስብር ያስገባው የነቃውን ሸክላ ድምፅ ነበር፣ ቷ የሚለውን፤ ለመሰበርም የሚስማማው እሱ ነው። ሠዓሊዋ ናት አይሆንም ያለችው። ሁለት ቀን ተጨቃጭቀዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሄደው። የጤነኛው ካልገባ ስሜ ከሥራው ላይ ይፋቅ አለች፤ እሷ ደግሞ ስትምል አትመለስም። እኔ ልዩነቱም አይገባኝ፣ እርስዎ ይገባዎታል እማማ? ብሎ ጠየቃት። እታለም ጎልማሳውን በደንብ አየችው፣ ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። ይገባኛል ልጄ አለችው። ጠዋት በአጋጣሚ ይሆናል ብላ ራሷን ስታታልልበት የነበረው ነገር አለቀለት። ልጅቷ ሆን ብላ ነው ያደረገችው። አገር በሙሉ እንዲሰማው፣ ማንም ግን እንዳያውቀው።

ሥራ አስኪያጁ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። የእታለምን እጅ በሁለት እጁ ይዞ እናታችን፣ ባለውለታችን፣ የመንደሩ ጆሮ እያለ አሞጋገሳትና ወደ ጉዳዩ ገባ። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አስበዋል፤ መድረክ ላይ እንስራ ይቀመጥልዎታል፣ እርስዎ እንደ ልማድዎ አንኳኩተው ጓ ያደርጉታል፣ ልጆች ይደሰታሉ፣ ካሜራም አለ። ውሃ ይዛ የተመለሰችው ሠዓሊ በሩ ላይ ቀረች። አይሆንም አለች፤ ደክሟታል፣ ከመንገድ ነው የመጣችው፣ እድሜዋም። ሥራ አስኪያጁ ሳቅ ብሎ ባለጉዳይዋን እንጠይቅ አለ። እታለም ውሃውን ተቀብላ እስከ ግማሽ ጠጣችና እሺ፣ አንኳኳለሁ አለች። እሰብራለሁ አላለችም፤ ልዩነቱን ያስተዋለው ግን የለም።

አዳራሹ ልጅ ብቻ ነው። ወላጅ በየጥጉ ቆሟል፣ ወንበሩን ልጆች ይዘውታል፣ ከፊት ረድፍ ሚጡ አያቴ ናት፣ አያቴ ናት እያለች ሁለት ጓደኞች አፍርታለች። መጽሐፉ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። ስክሪኑ ላይ ጨዋታው ታየ፤ ጭቃ ተቆፈረ፣ ተረገጠ፣ ተሠራ፣ ተተኮሰ፣ ከዚያ እትዬ ስብር ከዘራዋን እየጎተተች ስትመጣ አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ደብቂው! ደብቂው! ይላሉ። ይህን ጊዜ ነው እውነተኛዋ እትዬ ስብር እጇን ተይዛ መድረክ ላይ የወጣችው። ጠረጴዛው ላይ እንስራ ተቀምጧል፤ ከስጦታ ዕቃ ሱቅ የተገዛ፣ አበባ የተሳለበት፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ ከሥሩ ያልተላጠ። ዋጋው በመንደሩ አንድ አህያ ጭነት ሸክላ ይገዛል። እታለም መዳፏን አንገቱ ላይ አስቀመጠች። ልማድ ነው፣ የማን እጅ እንደሆነ ልታውቅ። የማንንም እጅ አላገኘችበትም፤ በማሽን የተሠራ ነው። አንኳኳችው። ማይክራፎኑ ቅርብ ስለነበር ድምፁ እስከ ጣሪያ ሄደ። ኪንንን።

«ስበሪው! ስበሪው! ስበሪው!»

ልጆቹ ወለሉን በእግራቸው ጭምር ነው የሚመቱት። ሥራ አስኪያጁ በሁለት እጁ የመስበር ምልክት ያሳያታል። እታለም ግን እጇን ከእንስራው አንስታ ከመድረኩ ጥግ ወደቆመችው ሠዓሊ ዘረጋች፤ ነይ ማለቷ ነው። ሠዓሊዋ ወደ ኋላዋ ዞር አለች፣ ሌላ ሰው እየጠራች እንደሆነ ልታይ። ከዚያ መጣች። ቀኝ እጇን ፋሻ ስለያዘው ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ነበር።

«በግራሽ አንኳኪው» አለች እታለም።

አንኳኳች። ልጆቹ አዲስ ጨዋታ የመጣ መስሏቸው ጸጥ አሉ።

«ምን ይላል?»

«ጤነኛ ነው።»

«ያኛውስ? የእናትሽ?»

የሠዓሊዋ አንገት ላይ ያቺ ሥር ተገተረች። ጥያቄው የተነሳው ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ያም ሰው በተሞላበት፣ ማይክራፎን ፊት።

«ጤነኛ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ ሆኖ።

«አዎ። ጤነኛ ነበር» አለች እታለም፤ ይህችን ቃል ለመናገር ነው ሦስት ደረጃ መድረክ በሚነክስ ጫማ የወጣችው። «አውቄ ነው የሰበርኩት።»

ማንም ምንም አልገባውም። ሥራ አስኪያጁ ግን ዝምታን እንደ በሽታ የሚፈራ ሰው ስለሆነ ማይክራፎኑን ወሰደና «እንግዲህ ልጆች፣ ጤነኛ እንስራ አይሰበርም! ትምህርቱ ይኼ ነው!» ብሎ አጨበጨበ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። አንዳንድ ልጆች ጓ ሳይል በመቅረቱ አኩርፈው ነበር። በማስቲካ ተደለሉ።

ወደ ቤት የመለሳቸው ታክሲ ነጂ ወሬ አያውቅም፤ እንደ ቅድሙ ባለ ሽንኩርት ያለ ሰው የሚፈለገው እንዲህ ባለ ሰዓት ነበር። ሚጡ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ቀደመቻቸው። አሳንሰሩ እንደተለመደው ተበላሽቷል። እታለም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና አዲሱን ጫማ አወለቀች። ሠዓሊዋ ቆማ ጠበቀቻት፣ ከዚያ እሷም አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ከላይ ሬዲዮ ይሰማል፣ የሆነ ቤት ልብስ ይተኮሳል፣ ሽታው ደረጃውን ሞልቶታል። ለምን አልጠየቅሽኝም አለች እታለም። ሠዓሊዋ ፋሻዋን እየነካካች የደረጃውን ሲሚንቶ ታያለች።

«እማዬ ዝም በይ ስላለችኝ።»

«እናትሽ?»

«ገሉን በቀሚሷ ይዛ ወደ ቤት ስንሄድ ጤነኛ ነበር እኮ አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። ከእቶን ሳወጣው አንኳኩቼዋለሁ፣ ዝም በይ፣ ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ፤ አክስትሽን ሰው ካላመናት መንደሩ ምን ይበላል አለችኝ።»

እታለም ጫማዋን እንደያዘች ቀረች። እህቷ ታውቅ ነበር ማለት ነው። የመጨረሻ ሥራዋ የነቃ እንዳልነበር እያወቀች ነው የሞተችው፤ እያወቀች ነው ያንን ገል ለቅማ፣ ሰው ፊት አፍራ፣ አፏን ዘግታ የሄደችው፣ የእህቷን ስም ለማዳን። እታለም ይህን ሁሉ ዘመን ለሌላ ሐዘን ስታለቅስ ኖራለች። አሁን ደግሞ የሚያስለቅሳት ሌላ ነው፤ አለቀሰችም፣ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ። ሠዓሊዋ ጀርባዋን በግራ እጇ ትዳብሳለች። እሷም የልቧን ዘረገፈችው። በእማዬ ቀንተሽ መስሎኝ ነበር አለቻት፤ ከእሷ የተሻለ ሸክላ ሠሪ ስላልነበረ። ሌላ ምክንያት በልጅነቴም በትልቅነቴም አጣሁለት። ስወድሽም ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ እላዬ ላይ ከሚቀር ስልኩ ላይ ይቅር ብዬ ነው።

«ለምንድነው ግን የሰበርሽው?»

«እጇ እንዲያርፍ» አለች እታለም። «ታስል ነበር። ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ጭቃዋን ደበቅሁባት፣ ሌላ ቆፈረች። ሌላ ምን ላድርግ? የማትጥሰው ሕግ ያ ብቻ ነበር።»

ከላይ ሚጡ ደርሳችኋል? ብላ ጮኸች፣ መጣን አሏት፣ ግን አልተነሱም። በመጨረሻ ሠዓሊዋ እንደ ተረት ስትናገር፣ ለራሷም ያኔ ገና የተገለጠላት በሚመስል ድምፅ፣ እናቷን ቀን ቀን ቤት ተኝታ ያየቻት በዚያ የእረፍት ወቅት ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ በፊት እናቷን የምታውቃት በጀርባዋ ነበር፣ ጭቃ ላይ ጎንብሳ። ያን ጊዜ ግን ጭኗ ላይ ታስተኛት ነበር። ምድጃ ውስጥ ከሰል ፈልጋ፣ ከዚያ ከለቀመችው ገል አንዱን ይዛ፣ ውሻውን ሳለችላት፤ እቶን ውስጥ የሚተኛውን። ከዚያ እጇን ይዛ አስሳለቻት። ገሉ እስኪያልቅ ድረስ ሳሉ፤ ሲሞላ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ እንደገና ሳሉ።

እታለም ይህንን አታውቅም ነበር። ልጅቷ ሥዕሉን ከማን አመጣችው እያሉ በመንደሩ ሲገረሙ እሷም አብራ ትገረም ነበር። አፍንጫዋን ጠረገች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ባዶ እግሯን ተነሳች። ሁለት ደረጃ ከወጡ በኋላ ሠዓሊዋ ነገ ድምፁን አስቀይረዋለሁ፣ ሥዕሉንም አስወግደዋለሁ አለቻት። እታለም ቆመች፣ ከዘራዋ ላይ ተደግፋ አሰበች።

«ተዪው፣ ልጆቹ ወደዋታል» አለች። «ጥርስ ግን ጨምሪላት። እኔ ነኝ በአንድ ጥርስ ዳቦ የምበላው?»

ሠዓሊዋ እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈረሰች፤ ሳቋ ደረጃውን ሞልቶ ሚጡ ምን ተገኘ ብላ ወደ ታች ሮጣ መጣች። እራት የቀረውን ዳቦና እንቁላል ነበር የበሉት፣ ሚጡ ስለ ሁለቱ አዲስ ጓደኞቿ ሳትተነፍስ እያወራች። ተበልቶ ሲያበቃ ሠዓሊዋ እንደ ወትሮዋ ሳህኖቹን ሰብስባ ኩሽና ገባች፣ ፋሻውን በጥርሷ አጠበቀች፣ ቧንቧውን ከፈተች። እታለም በዚያች ጠባብ ኩሽና ከማቀዝቀዣው ጋር እየተጋፋች ገባችና ከኋላዋ ቧንቧውን ዘጋችው። ሳህኑን ከእጇ ወሰደችባት።

«እጅሽ ይረፍ» አለቻት።

ሠዓሊዋ አክስቷን አየቻት። ከዚያ እጇን በፎጣ ጠርጋ ሳሎን ሄደችና ተቀመጠች።